ውሃ የማይነካው ምላጭ

ይሻው ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መምጣቱን ግን አልተወም። የሚመጣው ከብት ገብቶ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። የበሩን መቃን ተደግፎ ይቆማል። አይገባም፣ አይናገርም። ቀኝ እጁን አንስቶ ቅንድቡ ላይ ያሳርፍና ፀሐይ እንደከለከለችው ሰው ሆኖ እናቱን ያያል። ፀሐይዋ ግን ያን ጊዜ ከጠለቀች ቆይታለች።

እናቱ ትርንጎ መጀመሪያ መጀመሪያ ትጮህ ነበር፤ በኋላ ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ የሞተ ልጁንም ይለምዳል። «ምን ጎደለብህ ልጄ?» ትለዋለች። አርባውን አውጥታለች፣ ሰማንያውን አውጥታለች፣ ሙት ዓመቱንም አገር ጠርታ ደግሳለች። የንስሐ አባቷም ነፍሱ አርፋለች ብለዋታል። ያረፈች ነፍስ በር ላይ ቆማ ምን ትሠራለች? አምና ደግሞ ታናሹ ዳኛቸው ተከተለውና የሚቆሙት ሁለት ሆኑ። እሱም እጁን ቅንድቡ ላይ አድርጎ ነው የሚያያት።

አባታቸው ደምሴ ከሁለቱም ቀድሞ፣ ገና በአርባ አንድ ዓመቱ ነበር የሄደው። የሦስቱም አሟሟት አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ከቀኝ ጎድን ሥር ድንጋይ የመሰለ ነገር ለእጅ ይሰማል። ከዚያ ሆድ ይነፋል፣ ሥጋ ይረግፋል፣ ዓይን እንደ አደይ ቢጫ ይሆናል። በገሳይ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ የወፍ በሽታ ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው አይተርፍም ይባላል፤ በደምሴ ሣር ቤት ጣራ ውስጥ ደግሞ የሌሊት ወፎች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር።

ስለዚህ ትርንጎ ይሻውን በቀበረች በወሩ ሣር ቤቱን አስፈረሰች። ከጉብታው ላይ ቆርቆሮ ቤት አስሠራች፣ ጠበል አስረጨች፣ ወፍ እንዳይገባ ክፍተቱን ሁሉ በጭቃ አስደፈነች። ዳኛቸው የሞተው በዚያ ወፍ በሌለበት ቤት ውስጥ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይኼ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል።

የቀራት ሙላቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ የሚኖረውም ከእሷ ጋር ነው፤ ሚስቱ ፍቅርተ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለደች ገና ወር ቢሞላት ነው። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ሙላቴን ወደ ደጅ ትጠራዋለች። «ና እስቲ፣ ዓይንህ ውስጥ ገለባ ያለ መሰለኝ» ትልና የዓይኑን ነጭ ወደ ብርሃን ገልብጣ ታያለች። ገለባ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ግን ጎንበስ ብሎ ይሰጣታል፤ ዓይኑን አይታ የምታወጣትን ትንፋሽ ሳይሰማ ወደ እርሻው ሄዶ አያውቅም።

ስለ ትርንጎ እጅ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። በዚያ አካባቢ የሕፃን ዓይን ሲያዥ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲይዝ የሚወሰደው ወደ ትርንጎ ነው። ቅንድቡ ላይ ሦስት ቀጫጭን መስመር ትበጣለች፣ ክፉው ደም ይወጣል፣ ልጁ ዓይኑን ይገልጣል። እጇ ቀላል ነው፤ ሕፃን ሳያለቅስ ያልቃል ይባልላታል። ምላጩን የሰጠቻት አማቷ ናት፣ በሠርጓ ሰሞን። እጀታው አጥንት፣ አፎቱ ቀንድ ነው። ስትሰጣት አደራውም አብሮ ተሰጣት፦ ውሃ እንዳይነካው፣ እሳት እንዳያየው። ውሃ የነካው ምላጭ በረከቱ ይሸሻል፣ እጅ ላይ ይከብዳል። በቅቤ ይወለወልና አፎቱ ይገባል፣ በቃ። ትርንጎ አርባ ዓመት ይህን አደራ ጠበቀች። ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ ዓይናቸውን የገለጡት በዚያ ምላጭ ነው። ደምሴም ከውድማ ተመልሶ ወገቤን ሲል ጀርባውን በጥታ ደሙን የምታወጣለት በዚያው ነበር።

እንግዲህ የሙላቴ ሕፃን ዓይኑ ማዠት ጀመረ። ፍቅርተ ሁለት ቀን ታገሠችና በሦስተኛው አመሻሽ ልጁን አቅፋ ወደ ትርንጎ ቀረበች። «እማማ፣ ሳይብስ ይብጡልኝ» አለቻት።

ትርንጎ ልጁን ጉልበቷ ላይ አጋደመች፣ ምላጩን ከአፎቱ አወጣች። ቀና ስትል ሁለቱ ልጆቿ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ቅንድባቸው ላይ ነው። ሌላ ቀን ያዩዋት የነበረው እሷን ነው፤ ያን ዕለት ግን የሚያዩት ምላጩን ነበር። ምላጩ እጇ ላይ ከበደ። ሕፃን ላይ የከበደ ምላጭ ሥራው የሰይጣን ነውና ምላጩን መልሳ ከተተችው።

«ዛሬ እጄ ከብዶኛል» አለች። «ከከተማ ስንመለስ እበጣዋለሁ።»

ከተማ የሚሄዱት ሙላቴ በስልክ ተጠርቶ ነው። ፍቅርተ ስትወልድ ደም ፈሷት ስለነበር ሙላቴ እዚያው ከተማ ሐኪም ቤት ደም ለግሶ ነበር። ሰሞኑን አንዲት ሴት ደወለችና ለውጤት ይምጡ አለችው። ምን እንደሆነ በስልክ አልነገረችውም። ትርንጎ ይህን እንደሰማች ነጠላዋን ፈለገች። ብቻውን አልልከውም አለች፤ ደግሞስ ማን ያስቀራታል።

በማግስቱ ማለዳ ከገሳይ በሚኒባስ ወርደው፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ ባጃጅ ይዘው ሐኪም ቤት ደረሱ። የጠራችው ሴት ሰዓዲያ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ሻርፗን በጥንቃቄ የጠመጠመች፣ ቶሎ የማትናገር ባለሙያ። ሁለቱንም አስቀመጠችና በሩን ዘጋች። ትርንጎ የበሩን መዘጋት አልወደደችውም።

«ሙላቴ፣ ደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል» አለች ሰዓዲያ። «ሄፓታይተስ ቢ ይባላል። መጀመሪያ ጉበትህን በአልትራሳውንድ እንየው፤ ከዚያ እናወራለን።»

አዩት። ትርንጎ መጋረጃው ጥግ ቆማ ልጇ ልብሱን ገልቦ፣ ቀኝ ጎኑ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ተቀብቶ ሲታይ ተመለከተች። ያን ጎን ታውቀዋለች። ሦስት ጊዜ በመዳፏ ዳብሳዋለች፤ ሦስት ጊዜም ድንጋዩን አግኝታለች። እመቤቴን ጠራች፣ ጊዮርጊስን ጠራች።

«እብጠት የለም» አለች ሰዓዲያ። «ጉበትህ ገና አልተጎዳም። በጊዜ ነው የመጣኸው። የሚዋጥ መድኃኒት ካስፈለገህ እንሰጥሃለን፤ በየስድስት ወሩ ግን ሳትቀር እየመጣህ ትታያለህ። ቫይረሱ ዝም ብሎ ከተተወ ጉበትን እያቆሰለ ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። አባትህ በሕይወት አሉ?»

«ሞቷል።»

«በምን?»

ሙላቴ ወደ እናቱ ዞረ። ትርንጎ ናት የነገረቻት፤ የደምሴን፣ የይሻውን፣ የዳኛቸውን። ጎኑን፣ ሆዱን፣ ዓይኑን። ወፎቹንም፣ ቤቱን ማፍረሷንም። ሰዓዲያ ስትጽፍ ቆይታ ብዕሯን አስቀመጠች። በወፎቹ አልሳቀችም፤ ትርንጎ ለዚህ ወደደቻት።

«አረቄ ይጠጡ ነበር?» አለች።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ልጄ። ይሻው ይጠጣ ነበር፣ አልዋሽሽም። ዳኛቸው ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋ፣ ጠላ እንኳ በጣቱ የማይነካ ነበር። ከጠጪው እኩል ነው የሞተው።»

«የሻገተ እህልስ? በቆሎ፣ ለውዝ?»

«አንድ ዓመት ዝናብ አጨዳ ላይ መጥቶ ሻገተብን። በላነው፤ አገሩ ሁሉ በላው። አገሩ ግን አልሞተም።»

ሰዓዲያ ራሷን ነቀነቀች። አረቄውም ሻጋታውም ጉበትን ይጎዳሉ አለች፤ ቫይረሱ ላለበት ሰው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው። በዚህ ቤት ግን ዋናው ጠላት ቫይረሱ ይመስለኛል አለች። ትልቅ ሰው ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ያባርረዋል። ሕፃን ሳለ የገባበት ግን አብሮት ያድጋል፤ ሠላሳ አርባ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፣ አያሳክክም፣ አያምም።

«ሕፃን ውስጥ በምን ይገባል?» አለ ሙላቴ።

«በደም። ብዙ ጊዜ እናት ካለባት በወሊድ ጊዜ ነው። አለበለዚያም በስለት፣ በመርፌ...» ሰዓዲያ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። «ቅንድብህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሙላቴ ሳቀ። እብጠት የለም ከተባለ ወዲህ ልቡ ቀሎት ነበር። «ይኼማ የእናቴ እጅ ነው። አገሩ ሁሉ አለው። ወንድሞቼም ነበራቸው። የእሷን ምላጭ የሚያህል የለም፤ ከአያቴ የመጣ ነው፣ ውሃ እንኳ ነክቶት አያውቅም።»

ይህን ሲል ደረቱን ነፍቶ ነበር። ሰዓዲያ ወደ ትርንጎ ዞረችና ድምፇን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ እርስዎንም እንመርምርዎት» አለቻት። «ብዙውን ጊዜ ከእናት ነው የሚመጣው።»

ከጣቷ ደም ተወሰደላትና ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሙላቴ ካርዱን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዷል። እዚያ ብቻዋን ተቀምጣ ትርንጎ በሕይወቷ ጸልያ የማታውቀውን ጸሎት ጸለየች። እመቤቴ ሆይ፣ በእኔ ላይ አግኚው አለች። ደሜ ውስጥ ይሁን። ቢጫ ልሁን፣ ልነፋ፣ ልሙት። በማሕፀኔ ያስተላለፍሁት ከሆነ የእግዜር ሥራ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም። በማሕፀን ይሁን፤ በእጅ አይሁን። ጎኗ የተቀመጠች ሴት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታ ለልጇ ጤና የምትለምን መስሏት አሜን አለችላት።

ሰዓዲያ ወጣች። «እማማ፣ ደስ ይበልዎት፤ እርስዎ ነጻ ነዎት» አለች።

ሰዓዲያ አጠገቧ ተቀመጠች። «ከየት እንደገባ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም» አለቻት። «በራስዎ ላይ እንዳይፈርዱ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ደሙ ከደረቀ በኋላ ይሞታል?»

«ቶሎ አይሞትም። ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በዓይን አይታይም።»

ትርንጎ ታኅሣሥን አስታወሰች። ይሻው የአራት ወር ልጅ ነበር። ደምሴ ከውድማ ወገቡን ይዞ የተመለሰው ማክሰኞ ነው፤ ጀርባውን በጣችው፣ ምላጩን በቅቤ ወለወለችው፣ አፎቱ ከተተችው። የይሻው ዓይን የተጣበቀው ዓርብ ነው። ዓርብ ጠዋት ያንኑ ምላጭ አወጣችው። አላለቀሰም ነበር፤ እጇ ቀላል ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ያያት አስተያየት እስከዛሬ አይረሳትም፣ በእሱ ኮርታ ነበርና።

የሕፃኑን ዓይን መታመምና ልትበጣው ማሰቧንም ነገረቻት። «ሕፃኑን ይዛችሁ ኑ» አለች ሰዓዲያ። «ካርዷ ላይ እንዳየሁት እናቱ በእርግዝናዋ ተመርምራ ነጻ ናት፤ ልጁም እሷም ክትባት ይከተባሉ። ዓይኑ የሚድነው በቅባት ነው፤ ይኼን ይዘውለት ይሂዱ። ስለት ግን አይንካው እማማ። የበጧቸውን ሰዎችም ቢልኩልኝ እመረምራቸዋለሁ፤ በጊዜ የተገኘ ይተርፋል።»

በመልሱ መንገድ ሙላቴ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ወሬ በዝቶበታል። «ወፍ አይደለም እምዬ፤ ስም አለው፣ መድኃኒት አለው» ይላል። የበረዶ ዝናብ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ሚኒባሱ ቀስ ይላል። ትርንጎ በመስኮቱ እያየች ሌላ ነገር ታሰላስል ነበር። ምላጩን ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ። እጄ አርጅቷል፣ ትቼዋለሁ እላለሁ። ሙላቴ እንደሆነ የሰማውን ከምላጩ ጋር አላገናኘውም፤ ቢያገናኘውም አይናገርም። ማን ያውቃል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሁለት ልጆቼን ገደልሁ ብላ የምታወራ እናት አገር አልፈጠረም።

ነገር ግን እሷ ብትተወው ጎረቤቷ ዓለሚቱ አለች። ብጣት የተማረችው ከትርንጎ ነው፤ አደራውንም ጭምር ተምራለች። የእሷም ምላጭ ውሃ አይነካውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ትርንጎ ለስንቱ ሰው ተናግራዋለች፤ ለራሷ የተባለ ግን መስሏት አያውቅም ነበር።

ቤት ሲደርሱ ለዓይን ያዝ ብሏል። ፍቅርተ በሩ ላይ ልጁን ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሰፌድ ላይ የቀንድ አፎቱና ትንሽ ቅቤ ተሰናድቷል። የልጁ ዓይን ተጣብቋል።

«ዓለሚቱን ልጠራ ነበር» አለች ፍቅርተ። «ግን ከእርስዎ እጅ የሚሻል የለም ብዬ ጠበቅሁዎት እማማ።»

ትርንጎ ልጁን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። የፈላ ውሃ አቀዝቅዛ እንድታመጣ አዘዘቻትና በንጹሕ ጨርቅ ዓይኑን አጠበችለት፤ ከሐኪም ቤት የመጣውን ቅባት ቀባችው። ፍቅርተ ምላጩን ታያለች፣ ትርንጎን ታያለች።

«አይበጡትም?»

«አልበጣውም። ማንም እንዳይበጣው።» ትርንጎ ቀና አላለችም። «ስሚኝ ልጄ። በሙላቴ ደም ውስጥ በሽታ ተገኝቷል፤ አባቱን የገደለው፣ ወንድሞቹን የገደለው እሱ ነው። ወፍ አይደለም። ከደምሴ ጀርባ አንስቼ ወደ ልጆቼ ቅንድብ ያሻገርሁት እኔ ነኝ። በዚህ ምላጭ።»

«እምዬ ተይ» አለ ሙላቴ። ከኋላቸው ቆሞ ነበር። «አላወቅሽም።»

«አላወቅሁም። አላወቅሁም ማለት አላደረግሁም ማለት አይደለም።»

«የእኔንም?» አለ ቀስ ብሎ። አውቆት ይሁን ገና አሁን ደርሶበት፣ ከድምፁ አይታወቅም።

«የአንተንም።»

ሙላቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጣቱ ወደ ቅንድቡ ሄዶ መስመሮቹን ዳበሰ። ፍቅርተ ግን ብድግ አለች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። ሁለት እጇን ዘርግታ ልጁን ከትርንጎ ጉልበት ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው፣ ከእሳት ዳር እንደሚያነሱት። ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ትርንጎ ባዶ ጉልበቷን እያየች ቀረች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ሁለቱ ልጆቿ መጥተዋል፤ በተዘጋው በር መቃን፣ ግራና ቀኝ። ትርንጎ እስከዛሬ ባለችበት ሆና ነበር የምትጠይቃቸው፤ ያን ምሽት ግን ተነሥታ ወደ እነሱ ሄደች። ይሻው አልሸሸም። እጁን ከቅንድቡ ላይ ራቅ አደረገላት። ከሥሩ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ደማቸው ትኩስ ነው፣ ዛሬ የተበጡ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ተዝካር እየደገሰች ምን ጎደለብህ ስትለው፣ እሱ እያሳያት ኖሯል።

«አየሁት ልጄ» አለችው። «አየሁት።»

በማግስቱ ሙላቴና ፍቅርተ ልጁን ይዘው ማለዳ ወደ ደብረ ታቦር ወረዱ። ፍቅርተ ስትወጣ ሰላም አላለቻትም። ትርንጎ የቀንድ አፎቱን ከነምላጩ በነጠላዋ ቋጥራ ሽቅብ ወደ ዓለሚቱ ቤት ሄደች። አምስቱን የዓለሚቱ ልጆች የበጣቻቸው እሷ ናት፤ የመጀመሪያው አሁን ጎልማሳ ነው፣ ሚስት አለው። ከእሷ ቤት ቀጥሎ ስንት ቤት እንዳለ በመንገዷ ላይ ለመቁጠር ሞከረችና ተወችው።

አጥሩ ጋ ደርሳ ተጣራች። ዓለሚቱ የልጅ ልጇን አዝላ እየተቻኮለች ወጣች፤ ፊቷ ሁሉ ደስታ ነው።

«እግዜር ነው ያመጣሽ እትዬ ትርንጎ፤ ዓይኑ አላስተኛን አለ። ምላጩን ይዘሽው ይሆን?»

ትርንጎ ዘወር ብላ አየች። ከኋላዋ፣ በመንገዱ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ልጆቿ ቆመዋል። በቀን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። እጃቸው አሁንም ቅንድባቸው ላይ ነው።

«ይዤዋለሁ» አለች። «ልጁን አስተኚውና ነይ አጠገቤ ተቀመጪ። የምነግርሽ አለኝ።»